ሰባት ቁጥር ታካሚ አይተውንም

ስድስተኛውን ሰውዬ አጥቦ ሲጨርስ አጣቢው ጭልፋ ወገቡን ያዘ።

የስድስተኛው ካርድ «ራሱን ስቷል» ይላል። ሰውየው ግን ውሃው ቀዘቀዘኝ እያለ ከጸጉሩ እስከ ጥፍሩ ሲያማርር ነው የታጠበው።

«ራስዎን እኮ ስተዋል» አለው ጭልፋ ከጭምብሉ ውስጥ።

«ብስትም ይበርደኛል!»

«ይገልበጡ።»

ስድስተኛው እያጉረመረመ ተገለበጠ። ታጠበ። በተንሸራታቹ አልጋ ወደ ንጹሁ በኩል ተገፋ። ቀጣዩ ሰባት ቁጥር ነው።

ጭልፋ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ ሲያሽ የኖረው ለሰባት ቁጥር ነው።

ልምምድ ነው። ሆስፒታሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተክልና መርዝ የነካው ሰው ድንገት ቢመጣ እንዴት እንደሚቀበል ይለማመዳል። በጎ ፈቃደኞች ከየመሥሪያ ቤቱ ይዋጣሉ። ቱታ ይለብሳሉ፣ ዘይትና ቀለም ይቀባሉ፣ አንገታቸው ላይ የሕመማቸውን ዓይነት የሚናገር ካርድ ይንጠለጠላል። በአንደኛው ጫፍ ቆሽሸው ገብተው በሌላኛው ነጽተው ይወጣሉ። በመካከል፣ መሬቱ ላይ፣ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ወደ ቆሻሻው በኩል የተሻገረ ሁሉ፣ ሚኒስትርም ይሁን ዘበኛ፣ ልብሱ በመቀስ ተቀዶ፣ ገላው ታጥቦ፣ በኪሱ የተገኘው ሁሉ በሦስት ኮፒ ተመዝግቦ ነው የሚወጣው። ሕጉን ያወጣችው የድንገተኛ ክፍሉ ሲስተር ናት። ባለፈው ልምምድ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ስልክ ሲያነሳ አንድ እግሩ ስላለፈ ብቻ ከነካልሲው አጥባዋለች።

እዚህ ግቢ ጭልፋን የሚያውቁት «ሳሙና» በሚል ቅጽል ነው። በድብቅ የላከው የስለላ መሥሪያ ቤቱ ግን ጭልፋ ይለዋል። የምስጢር ስም የሚያወጣው ሹም ሥራውን የሚሠራው ከምሳ በፊት ነው ይባላል። አለቃው ክዳን ነው። ዛሬ ዕቃውን የሚያመጣለት የመጋዘን ሠራተኛ ደግሞ ወንፊት። ምስጢር የሚሸከም ሰው ወንፊት ተብሎ ይሰየማል ወይ? ጭልፋ ይህን በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ደርሶታል። ሁለት ዓመት ሆነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አንድ የተከለከለ የተባይ መርዝ ከመጋዘን እየወጣ፣ ሌላ ስም እየተለጠፈበት፣ ገበያ ላይ ይቸበቸባል። የረጩት ሰዎች ወደዚህ ሆስፒታል ይመጣሉ። አምና ዘጠኝ ሰው በጭልፋ እጅ ታጥቧል። አራቱ በእግራቸው አልወጡም። ወንፊት መርዙ ይውጣ ብለው የፈረሙትን ሰዎች ዝርዝር በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ቀድቶ፣ በቱታው ኮሌታ ሰፍቶ፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ይመጣል። ጭልፋ ቱታውን ሲቀድ ካርዷን ያወጣል። በቃ።

ትናንት ክዳን አጎት መስሎ መጥቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሲመላለስ ዘበኞቹ ሳይቀሩ «አጎትዬው» ይሉታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ብርቱካን እየላጠ፣ ትእዛዙን ሰጠ።

«የኮሌታው ስፌት ቀጭን ነው፤ በጓንት አይያዝም። ጓንትህን አውልቅና በጣትህ ፈልቅቀው።»

«ሁለቱንም ጓንት?»

«ሁለቱንም። ካርዷን ኪስህ ክተት። ቱታው ወደ ማቃጠያው ይሂድ።»

«ማጠቢያ ድንኳን ውስጥ ጓንት ማውለቅ…»

«የእህቴ ልጅ፣ ልምምድ እኮ ነው። የሚቀቡት ዘይት ነው። ኮፍያዬን ካጠለቅሁ ቀጥል። ካወለቅሁ ሁሉን ትተህ ውጣ። ብርቱካን ብላ፣ ከሳህ።»

ጭልፋ አልተከራከረም። ዝናብ በሚያወርድ ቀን ጥቁር መነጽር አድርገህ አደባባይ ላይ ቁም ተብሎ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ትእዛዝ ለምን ብሎ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። ይደክማላ።

አሁን ክዳን ከታዛቢዎቹ ወንበር የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ደረቱ ላይ የውሃ መሥሪያ ቤት ባጅ። ራሱ ላይ ሰማያዊ ኮፍያ።

ቀጥል።

ሰባት ቁጥር ገባ።

በቃሬዛ።

በቃሬዛ መግባት አልነበረበትም። ካርዱ «የቁርጭምጭሚት ወለምታ፤ ይራመዳል፤ ይናገራል» ነው የሚለው። ወንፊት ግን ቃሬዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከአፉ ምራቅ፣ ከዓይኑ ዕንባ፣ ከአፍንጫው ውሃ ይወርዳል። ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ።

«ይሄኛውስ ትያትር ቤት ነው የሚገባው!» አለ አንዱ።

ታዛቢዎቹ አጨበጨቡ። የልምምዱ አስተባባሪ ግን ተቆጣ። ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«ሰባት ቁጥር! ካርድህ ላይ ወለምታ ነው የሚለው! ማን ተንቀጥቀጥ አለህ? ከጽሑፉ አትውጣ!»

ጭልፋ ጎንበስ አለ። የይለፍ ቃሉን ተናገረ።

«ሳሙና ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ።»

መልሱ «ዓይኔ ለምዶታል» ነበር።

መልስ የለም።

መልስ ከሌለ ይቆማል፤ ደንቡ ይህ ነው። ቀና አለ። ኮፍያው ክዳን ራስ ላይ ነው። ቀጥል። የላይኛውን ጓንት አወለቀ። መቀሱን አነሳ። የውስጠኛውን ጓንት ጫፍ ይዞ እስከ አንጓው ጎተተው።

ያኔ የሰውየውን ዓይን አየ።

ብሌኖቹ የመርፌ ጫፍ አክለዋል። ድንኳኑ ጨለምለም ያለ ነው፤ በጨለማ ብሌን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ሰው መንቀጥቀጥን ያስመስላል። ምራቁንም ከፈለገ ያዝረበርባል። ብሌኑን የሚያዝ ተዋናይ ግን ገና አልተወለደም።

ትወና አይደለም።

መርዝ ነው።

«ወንድሜ» አለ ጭልፋ ዝቅ ብሎ። «ማን ቀባህ?»

የወንፊት ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ከምራቁ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ።

«ባለ… ባለ ሰማያዊ ኮፍያው። ከራሱ ጠርሙስ። ኮሌታዬን… አራሰው።»

ጭልፋ እጁን አየ። ግማሽ የወለቀ ጓንት። ሁለት ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ፣ የራሰ ኮሌታ።

ሁለቱንም ጓንት። በጣትህ ፈልቅቀው። ኪስህ ክተት። ቱታው ይቃጠል።

የሞተ አጣቢ ልብስም እኮ ይቃጠላል። ዝርዝሩን ያመጣው ይሞታል፤ ዝርዝሩን የተቀበለው ይሞታል፤ ዝርዝሩ አመድ ይሆናል። በልምምድ ላይ የደረሰ አሳዛኝ አደጋ። ሦስት ዓመት የሞኝ ትእዛዝ ሲቀበል የኖረ ሰው፣ ብልጥ ትእዛዝ ሲመጣ አላወቀውም። ክዳን የራሱ ስም በዝርዝሩ ላይ መኖሩን ባያውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልደከመ።

ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ቀና ሲል፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ክዳን ኮፍያውን በእርጋታ አወለቀ።

ሁሉን ትተህ ውጣ።

መውጣት ይችላል። ቱታውን ወደ ማቃጠያው ወርውሮ፣ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ነገ በሌላ ከተማ ሌላ ሥራ። ወንፊት አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ በጭብጨባ ታጅቦ ይሞታል። ጭልፋ አፉን ከከፈተ ደግሞ ሦስት ዓመቱ እዚሁ ያልቃል። የመርዝ ምልክት የሚያነብ፣ የመድኃኒት መጠን የሚያውቅ የገላ አጣቢ የት ታይቶ?

አምስተኛ ሬሳ ላለማጠብ ሲል ብቻ፣ ሌላ ትልቅ ምክንያት ሳይኖረው፣ ጮኸ።

ጭምብሉ ድምፁን ዋጠው።

«አጣቢ አይናገርም!» አለ አስተባባሪው በድምፅ ማጉያው። «አጣቢ ያጥባል!»

ጭልፋ ጭምብሉን አወለቀ።

«ልምምድ አይደለም! ልምምድ አይደለም! ልምምድ አይደለም!»

 አንድ ታዛቢ የግምገማ ወረቀቱ ላይ «እጅግ ተፈጥሯዊ» ብሎ ጻፈ።

«ያንን ቃል ለመናገር ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ!» አስተባባሪው ፊቱ ቀላ። «ያውም ገና ሰዓቱ አልደረሰም!»

ሲስተር ግን የመከላከያ ልብሷን እንደለበሰች መስመሩን ተሻግራ መጣች። ሳሙና በሦስት ዓመት ከሦስት ቃል በላይ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

«ምን አየህ?»

«የተባይ መርዝ። ብሌኑን እይው። ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ ብዙ ያስፈልገዋል፤ ደረቱ እስኪደርቅ።»

አየች። ካየች በኋላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የድንገተኛ መድኃኒቱን ሳጥን ከፈተች። ጠርሙሶቹ ላይ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተለጥፏል። «ለልምምድ ብቻ። ውሃ ነው።»

«እውነተኛው የት ነው?» ብላ ጮኸች።

«ፋርማሲ ተቆልፎበታል» አለ ከወዲያ በኩል ዶክተሩ። «ቁልፉ ፋርማሲስቱ ጋ ነው።»

«እሱስ የት አባቱ ነው?»

«የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ስብሰባ ላይ።»

«በሩን ስበሩት!»

ሁለት ተሸካሚዎች ሮጡ። ፋርማሲው ከግቢው ማዶ ነው። በሩ ብረት ነው። ጭልፋ አሰላ። አይደርስም።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ በፕላስተር የታሰረች አንዲት የማርከሻ መርፌ አለችው። መሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠው፤ ለራሱ፤ በፊርማ። በሆነ ቀን መርዙ ቢነካው ጭኑ ላይ ሰክቶ እንዲተርፍባት። እሷን ለማውጣት የራሱን የመከላከያ ልብስ መቅደድ አለበት።

ቀደደው።

መርፌዋን በወንፊት ጭን ላይ ሰካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጥሮ ነቀላት። ሲስተር መርፌዋን አየች። ከዚያ እሱን አየች።

«ቀጥል» አለች ብቻ።

ቀጠሉ። መቀሱ ከእግር ወደ አንገት ሄደ። ቱታው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገፈፈ። ጭልፋ ኮሌታውን ቆርጦ በመቆንጠጫ ያዘና ሳሙና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከረው። ውሃ ወረደ። ሳሙና፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ውሃ። ዘጠኝ ሰው ያጠበ እጅ ማሰብ አያስፈልገውም። መርዙ በተቀደደው ልብሱ ገብቶ የራሱ ዓይን ግን ደንገዝ ማለት ጀምሯል። አንድ ሰው ቀስ እያለ መብራቱን የሚቀንስበት ይመስል። አፍንጫው ያለቅሳል። ደረቱ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል።

የራሱን መርፌ ለሰው ሰጥቷል። ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይባል ዶማም የለ።

«የእህቴ ልጅ!»

ክዳን ነው። ከወንበሩ ተነስቶ መስመሩ ጫፍ ደርሷል። ፊቱ ላይ የአጎት ጭንቀት፣ ድምፁ ላይ የአለቃ።

«ና ውጣ። እናትህ ደውላለች።»

እናትህ ደውላለች ማለት፣ ነገሩ ተበላሽቷል፣ ባለህበት ተወው ማለት ነው።

«ትጠብቅ» አለ ጭልፋ።

«ትቆጣለች።»

«ለምዳለች።»

«አንተ ልጅ፣ የሰውየውን ልብስ ለማቃጠያው ስጥ። እኔ አደርስልሃለሁ።»

ጭልፋ ከባልዲው ኮሌታውን በመቆንጠጫ አወጣ። ስፌቱን ሰነጠቀው። ጥፍር የምታክል ጥቁር ካርድ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች። አጥርቶ አላያትም። ግን ከፍ አደረጋት። ፀሐይ አገኛት።

«አጎቴ» አለ፤ አስተባባሪው ሳይቀር እንዲሰማው። «ዕቃህ እዚህ ነው። እኔ ደክሞኛል። ና ውሰድ።»

ክዳን አመነታ። በስተግራው ካሜራ አለ። በስተቀኙ ፖሊስ፤ እሱም ለልምምዱ የተጋበዘ፣ የታሸገ ውሃውን የሚጠጣ። ከፊቱ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ስሙና ፊርማው ያለበት ካርድ፣ ዓይኑ በፈዘዘ አንድ አጣቢ እጅ ላይ።

ሃያ ስድስት ዓመት በስለላ የኖረ ሰው። የስንት አገር ድንበር በሐሰት ወረቀት የተሻገረ።

የሲስተርን መስመር ተሻገረ።

«ተሻግሯል!» አለች ሲስተር።

አጣቢዎቹ አራት ነበሩ። ምን እንደተፈጠረ አንዳቸውም አልገባቸውም። መስመሩ ሲታለፍ የሚደረገው ግን ይገባቸዋል። ያዙት።

«ልቀቁኝ! እኔ ታዛቢ ነኝ!»

«እኛም የምናጥበው ታዛቢን ነው፤ አይፍሩ» አለ አንዱ። «ለብ ያለ ነው።»

«ውሃ መሥሪያ ቤት ነኝ!»

«እንግዲህ ውሃ ከሆኑ ምን ያስፈራዎታል?»

መቀሱ ሄደ። ኮቱ ወደቀ፣ ሸሚዙ ወደቀ። ሲስተር መቆንጠጫውን ይዛ ኪስ በኪስ እየፈተሸች ጮክ ብላ ታነባለች። ጸሐፊዋ ከንጹሁ በኩል ትጽፋለች። ካሜራው ይቀርጻል።

«አንድ የእጅ ስልክ። አንድ መሐረብ። አንድ ባጅ። አንድ…»

ቆመች።

«አንድ ትንሽ ጠርሙስ። በሁለት ላስቲክ የተጠቀለለ። ግማሹ ፈሷል።»

ክዳን መታገል አቆመ። ከነምንትሱ እርጥብ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጭልፋን ብቻ አናገረው።

«ማንም አያውቅህም። ከነገ ጀምሮ የለህም።»

«ከዛሬም ብዙ አልነበርኩም» አለ ጭልፋ።

ሲስተር ካርዷን ተቀበለችው። «የሰባት ቁጥር ታካሚ ንብረት። አንድ ሚሞሪ ካርድ። ጻፊ» አለች። ሦስት ኮፒ። አንዱ ለሆስፒታሉ፣ አንዱ ለታካሚው፣ አንዱ ለፖሊስ። ፖሊሱ ውሃውን አስቀምጦ ፈረመ። መሥሪያ ቤቱ መንግሥት ሊገለብጥ ይችል ይሆናል፤ በሦስት ኮፒ የተጻፈን የንብረት መዝገብ ግን ማን ደፍሮ ያጠፋል?

ያኔ ተሸካሚዎቹ የፋርማሲውን ሳጥን ከነቁልፉ፣ ከነተነቀለው ማጠፊያው ተሸክመው ደረሱ። ዶክተሩ ወንፊት ላይ ተደፋ። አንድ መርፌ። ሁለተኛ። አምስተኛ። ስምንተኛው ላይ የወንፊት ደረት ማንኮራፋቱን ተወ። ትንፋሹ ጠራ። ከንፈሩ ቀለም አገኘ።

«አለ» አለ ዶክተሩ። «ሰውየው አለ።»

ጭልፋ ተቀመጠ። 

ሲስተር ራሷ አጠበችው። ክንዱ ላይ መርፌውን ሰጠችው። እንደ ታናሽ ወንድሟ አገጩን ይዛ ዓይኑን ፈተሸች።

«አንተ ማን ነህ?»

«ሳሙና።»

«ሳሙና እግሩ ላይ መርፌ አስሮ አይዞርም።»

ፎጣውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«መዝገብ ላይ የምጽፈው ስም እፈልጋለሁ። ሦስት ዓመት አብሬህ ሠራሁ፤ ልጄን ስድር ሠርጉ ላይ ጠርቼህ ወንበር ስትሸከም ውለሃል። ቢያንስ ስምህን።»

ሊነግራት ፈለገ። እውነተኛውን። አፉ ድረስ መጣ። ቢነግራት ነገ የሚጠይቋት ሰዎች ይመጣሉ፤ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልም።

«የማይታወቅ ወንድ በይ» አላት። «ዕድሜ አርባ ሁለት።»

«ይሄ ብቻ ነው እውነቱ?»

«እሱም ከሞላ ጎደል።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ ጻፈች።

«ሐኪም እስኪያይህ እዚህ ቆይ» አለች። «እጅህ የሚንቀጠቀጠው እንዲህ በቀላሉ አይተውህም። ዓይንህም። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ እህቴ።»

ፊቷን ስታዞር ከአልጋው ወረደ። ማስወጫው ጋ የተደረደሩትን ነጫጭ ቀሚሶች አንዱን ለበሰ። ስድስተኛው ሰውዬ በር ላይ ፎጣ ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል።

«አለቀ እንዴ?» አለው።

«አለቀ።»

«ማን አሸነፈ?»

ጭልፋ አልፎት ሄደ። ወደ መንገዱ ወጣ።

በዚያው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሞከረ። የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም አለችው ሴትየዋ። በሁለተኛው ቁጥርም ይህችው ሴትዮ ነበረች። በሦስተኛውም። ትጉህ ሠራተኛ ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቀኝ እጁ ጣቶች ብርጭቆ አይዙም። ደብዳቤ ማንበብ ሲፈልግ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው ይወስዳል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስለ አንድ የመርዝ ዝርዝር፣ ስለ ዐሥራ አንድ ተጠርጣሪዎች፣ ከሆስፒታል ስለወጣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ያወራል። ስለ አጣቢ ምንም አይልም።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ስም ጠየቀችው። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ሰጣት። ጻፈች። ተቀመጠ።

ሰው ሲጠራ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ ቆየ። ልጅቷ አንድ ስም ጠራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ጠራች። ሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን በብስጭት፣ ጠራች።

አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት በክርናቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ አንተን ነው መሰለኝ። ሌላ ሰው አልቀረም እኮ።»

ዙሪያውን አየ። እውነታቸውን ነው።

«አዎ» አለና ተነሳ። «እኔ ነኝ።»